«ረጋ» ያለችው ሴት

ከቦሌ በወጣሁበት ምሽት ወቅቱን የሳተ ዝናብ ይጥል ነበር። አቶ ሰይድ በፒካፓቸው ከሃያ ሁለት እስከ ኤርፖርት አደረሱኝ። እኔና አማቴ ጋቢና ውስጥ ተጣበን፣ ሻንጣዬ ከኋላ ሸራ ለብሶ። አቶ ሰይድ አከራያችን ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ማዞሪያው ላይ፣ ከአጥራችን ጋር የተያያዘ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው። ከግቢያችን ስልክ ያለው እሳቸው ሱቅ ብቻ ስለነበር የትዳሬን ነገር ከእኔ እኩል ያውቁታል።

«እኔ ያየሁት ሰው» አሉ መንገድ ላይ፣ «ወይ እንጀራ ፍለጋ ይሰደዳል፣ ወይ መንግሥት ሸሽቶ ይሰደዳል። በቅናት የተሰደደ ያየሁት አንቺን ነው፣ ወላሂ።»

«ባሌ ዘንድ እኮ ነው የምሄደው አቶ ሰይድ።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

አማቴ እማማ ዘነበች እንዳልሰሙ ሆነው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። እቅፋቸው ላይ የበርበሬ ቋጠሮ ነበር፤ መኪናው እስኪቆም ድረስ አልለቀቁትም። ስወርድ እጄ ላይ አስቀመጡትና «ለግርማ ነው» አሉኝ፣ እኔ በርበሬ የማልበላ ይመስል።

ውስጥ ፓስፖርቴን የተቀበለው ሰው ፊቱ የደከመ ነበር።

«ሆላንድ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ባለቤቴ እዚያ ነው።»

«እሱስ ምን ይሠራል?»

እንዴት እንደማስረዳው ጨነቀኝ። «መድኃኒት ያሟሟል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «መድኃኒት ለማሟሟት ሆላንድ ድረስ? እዚህ ውሃ የለም እንዴ?» አለና ትንሽ አሰበ። «ለነገሩ የለም። የኛ ሰፈር ከጠፋ ሳምንቱ ነው።» ማኅተሙን መታልኝ።

እንዲህ ነው ከአገሬ የወጣሁት። አሁን ብቻዬን ተቀምጬ፣ በቀን ጥቂት ጥቂት መስመር እየጻፍኩ ወደ ኋላ ሳስበው፣ ከሁሉም ልክ የነበሩት አቶ ሰይድ ናቸው። የሄድኩት በአንዲት ቃል ምክንያት ነው።

ግርማ የመድኃኒት ባለሙያ ነበር። ኦሎምፒያ አካባቢ መድኃኒት ቤት ሲሠራ ሰዎች አንድ ዓይነት ኪኒን እየወሰዱ፣ ሕመማቸውን ግን እንዳለ ይዘውት ሲመለሱ እያየ ይበሳጭ ነበር። «መድኃኒቱ ጥፋት የለበትም» ይለኛል እራት ላይ። «ውሃ አይወድም። የማይሟሟ መድኃኒት ሆድ ገብቶ እንደ አሸዋ ይወጣል። ደም ጋር የሚያስታርቀው ሰው ነው ያጣው።» ይህን ሲያወራ ዓይኑ ይበራል፤ እኔም ባይገባኝም የዓይኑን ብርሃን ለማየት ስል እጠይቀዋለሁ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ይህንኑ ሊያጠና ሆላንድ ዕድል አገኘና ሄደ። እኔ ገርጂ ያለ ትምህርት ቤት አማርኛ እያስተማርኩ፣ ከእናቱ ጋር አንድ ግቢ ቀረሁ።

በስልክ ነበር የምንገናኘው። አቶ ሰይድ በአጥሩ በኩል «ስንዱ! ሆላንድ!» ይሉኛል፤ እኔም ጠመኔ የነካ እጄን ሳልታጠብ እሮጣለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ቦታው ደውሎ ስለ ጤናዬ ሲጠይቀኝ፣ ከጀርባው የሴት ድምፅ መጣ።

«ግርማ! ረጋ! ግርማ፣ ረጋ!»

ረ-ውን ጉሮሮ እንደሚጠርግ ሰው ነው ያለችው። ግን አማርኛ ነው። እሱም በእንግሊዝኛ «መጣሁ፣ መጣሁ» አለና «ስንዱዬ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። በዚያ ቀን አልደወለም።

እኔ የሰዋስው አስተማሪ ነኝ። «ግርማ» ባለቤት ነው፤ «ረጋ» ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ምንም የሚጎድለው የለም፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። እናቱ «ይሄ ልጅ አይረጋም» እያሉ ያሳደጉት፣ ከእኔ ጋርም ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲዘል የኖረ ሰው፣ በመጨረሻ ረጋ። ሆላንድ ላይ ረጋ። ይህንንም የምታበስረኝ በገዛ ቋንቋዬ ሌላ ሴት ናት።

አቶ ሰይድ ጨርቅ እየለኩ ፊቴን አዩ። «ምነው? ታመመ?»

«ሴት አለች። አማርኛ ትናገራለች።»

ሜትሩን አስቀመጡ። «አማርኛ የምታውቅ ፈረንጅ?» አሉ። «እንግዲህ እሷን ካገኘ ምን ይደረጋል፣ አስተርጓሚ እንኳ አላስፈለገው።» ሊያስቁኝ ነበር። እኔ ግን በሳምንቱ ለትምህርት ቤቱ መልቀቂያ አስገባሁ።

አምስተርዳም ስደርስ ግርማ ብቻውን አልነበረም። መኪና ስለሌለው የሥራ ጓደኛው ልታደርሰን መጥታለች። ረጅም ናት፤ ፀጉሯ የጤፍ ጭድ ይመስላል፤ ሊስቤት ትባላለች። ፈረንጅ እጅ ይጨብጣል ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ እሷ እንደኛው አገላብጣ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። የአገራቸው ልማድ ነው ተባልኩ። የቀረልኝ ነገር ይኖራል ብዬ ነበር፣ መሳሙም የጋራ ሆነ። መኪናው ውስጥ ግርማ እግሩ ረጅም ስለሆነ ከፊት ከእሷ ጎን ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ከበርበሬው ጋር።

የገባንበት ከተማ ከአምስተርዳም በባቡር ትንሽ ያስኬዳል። ሰማዩ ዝቅ ያለ፣ የታጠበ ድስት ክዳን የመሰለ ነው። ዝናቡ እንደ ቦሌ ዝናብ ወርዶላችሁ አያበቃም፤ ቀኑን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ይውላል። ሰዉ ሁሉ ፊትስ የሚሉትን ብስክሌት ይጋልባል፣ ሚኒስትሩም፣ ነፍሰ ጡሯም። ጠዋት ዳቦ ላይ ሃኸልስላኽ የሚሉትን የቸኮላት ፍርፋሪ ነስንሰው ይበላሉ፤ ለሕፃን መሸንገያ የሚሰጥ ነገር ትልቅ ሰው ክራቫት አስሮ ሲበላው ታያላችሁ። እንግዳ ሲመጣ አንድ ብስኩት ያቀርቡና ቆርቆሮውን ይከድኑታል። «ብሉ፣ በሞቴ» የሚል ቃል የላቸውም።

ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ያከራዩን አሮጊት ሜቭራው ነበር የምንላቸው፣ ወይዘሮ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ወጥ ስሠራ ደረጃውን ወጥተው መጡ።

«አንድ ነገር እየተቃጠለ ነው» አሉ።

«አይ፣ ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቅድም ጀምሮ።»

«አልበሰለም?»

«በስሏል። እስኪቀላ ነው የምጠብቀው።»

ድስቱን አጎንብሰው አዩ። «እኛ አገር ሽንኩርት ሲበስል ይበላል» አሉና መስኮቱን ከፍተው ወረዱ። ግርማ ማታ ሲመጣ ነገርኩት፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በማግስቱ ሊስቤት ስታገኘኝ ስለ ሽንኩርቱ እየሳቀች ጠየቀችኝ። ነግሯታል። ሳቁን ሰጥቷታል ማለት ነው።

በስልክ ስለ ሰማሁት ቃል የጠየቅሁት የእናቱን በርበሬ የነካ ወጥ ፊቱ አቅርቤ ነው።

«ረጋ ያለችህ ምን ልትል ነው?»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ማንኪያውን አስቀመጠ። «ለዚህ ነው የመጣሽው?»

«መልስልኝ።»

«ፖሊመር ነው ስንዱዬ። ረጅም ክር በይው፣ በዓይን የማይታይ። ሲቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ጥርት ብሎ ውሃ ይመስላል። የሰው ገላ ያህል ሲሞቅ ደግሞ ይኮማተርና ይነጣል፤ ይረጋል። ቅቤን ገልብጠሽ አስቢው። ውሃ የማይወደውን መድኃኒት እዚያ ክር ውስጥ እደብቀዋለሁ። ቀዝቃዛውን በመርፌ ትሰጫለሽ፤ ገላ ውስጥ ሲሞቅ ይረጋል፤ ከዚያ መድኃኒቱን በቀስታ ይለቅቃል። መጀመሪያ የተሳካልን ቀን በአማርኛ ‹ረጋ!› ብዬ ጮህኩ። ሊስቤት ቃሉን ወደደችው። አሁን የመስታወት ቱቦው በነጣ ቁጥር ሁሉም ረጋ ነው የሚለው። ፕሮፌሰሩም ሳይቀር።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ቱቦ ውስጥ ያለ ነገር ነጭ ሆነ ብዬ?»

«አዎ» አልኩት። «እንደዚያ ብለህ።»

ወስጄ አሳይሻለሁ አለ። ነገ፣ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ይሄ ሙከራ ይለቅ። አልወሰደኝም። ጠዋት ይሄዳል፤ ማታ ወሬውን ሁሉ እዚያ አራግፎ ይመጣል። እኔ ዘንድ የሚደርሰው ድካሙ ነው።

እናንተ ሴቶች ይገባችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። ነክቷት ቢሆን ኖሮ ቃል ነበረው፤ ሽማግሌ ነበረው፤ አልቅሼ የማስለቅሰው ሰው ነበረ። ግን እጇን እንኳ እንደነካ አላምንም። እኔ ሽማግሌ ሰብስቤ ምን ልበል? ባሌ ከአንዲት ሴት ጋር ሆኖ ቱቦ ያያል ልበል? አብረው ጎንበስ ብለው፣ ይነጣል አይነጣም እያሉ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ ልበል? ለእናቴ በስልክ ልነግራት ሞክሬ «ታዲያ ሥራውን ነዋ የሚሠራው» አለችኝ። ቅናቴ አገር አልነበረውም። በአማርኛም በሆላንድኛም ስም ያጣሁለት ነገር ነው።

በሁለተኛው ዓመት ብርድ ላይ፣ ምሳ ሰዓት አለፍ ሲል፣ በሩ ተንኳኳ። ሊስቤት ነበረች። አንድ እጇ ብስክሌቷን እንደያዘ፣ ውሃ ከፀጉሯ እየወረደ፣ ደጁ ላይ እንደቆመች «ስንዱ፣ ግርማ ሞተ» አለችኝ። «ልቡ ነው። ሆስፒታል ሳይደርስ።»

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይመጣል፤ ጎረቤት ሴቶች ሲወድቁ የሚይዙ ሆነው ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ያልታደለው ሰው ቃሉ ሳይነገረው ከፊታቸው ያነበዋል። እኔን የያዘኝ የበሩ እጀታ ነው። እሷም ብስክሌቷን ልቀቅ አልቀቅ እያለች ቆማ፣ በኋላ መንገዱ ላይ ጥላው ገባች።

«አጠገቡ ማን ነበር?» አልኳት።

«እኔ።»

«ምን አለ?»

አሰበች። ዓይኔን እያየች አሰበች። «የፍሪጁን በር ማን ነው ከፍቶ የተወው አለ። ከዚያ ተቀመጠ።»

እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ትዋሻለች። ማንኛዋም የኛ ሴት «ስምሽን እየጠራ ነው ያለፈ» ትለኝ ነበር፤ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ዕድሜ ልኬን እኖርበት ነበር። እነሱ ግን አይዋሹም። እንደ ብስኩታቸው፣ ያለውን አንድ ሰጥተው ይከድኑታል።

አስከሬኑን ይዤ ቦሌ ገባሁ። እዚያው ቦሌ ቀበርነው፤ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። የአቶ ሰይድ ቤተሰብ በየጠዋቱ ሻይና ዳቦ ለለቀስተኛው ሲያመጣ ሰነበተ። እማማ ዘነበች ሦስተኛው ቀን ላይ ጆሮዬ ስር ተጠግተው «ምን ሲል አለፈ?» አሉኝ።

«እናቴን አለ» አልኳቸው።

ያቺን ውሸት ለራሴ ፈልጌአት ነበር፤ አንድ ብቻ ስለሆነች ለእሳቸው ሰጠሁ።

ሆላንድ ለምን ተመለስሽ ትሉኝ ይሆናል። ሃያ ሁለት ላይ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ግርማ ነበር፤ እሱን አልቅሼ ቀበርኩት። ያላየሁት ግርማ ግን እዚያ ላብራቶሪ ውስጥ ቀርቷል፤ እሷ ይዛዋለች። ቪዛዬ ሳይቃጠል ተመለስኩ። ተመልሼም ፍሬምደሊንገንፖሊትሲ ወደሚሉት፣ የውጭ አገር ሰው ጉዳይ ወደሚያይ ፖሊስ ተጠራሁ። ወጣት ነው፤ ጽሕፈት መኪና ላይ በሁለት ጣቱ ይመታል።

«እዚህ የመጡት ከባለቤትዎ ጋር ለመኖር ነው?»

«አዎ።»

«ባለቤትዎ አሁን የት ይኖራሉ?»

«ቦሌ።»

«አድራሻ ቀይረዋል ማለት ነው?»

«ቀይሯል።»

«ለማዘጋጃ ቤቱ አሳውቀዋል?»

«አይ፣ ሳያሳውቅ ነው የሄደው።»

ጻፈ። ከዚያ ከፊቱ ያለውን ፋይል ገለጠና እስከ ጆሮው ቀላ። ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታውን ጠይቆ ሲያበቃ ደግሞ፣ ከባለቤቴ ጋር ለመኖር የተሰጠኝ ፈቃድ ባለቤቴ ከሌለ እንደማይቀጥል፣ ሥራ ያለው ሰው ግን እንደ አዲስ ማመልከት እንደሚችል አስረዳኝ።

ሥራውን ያገኘችልኝ ሊስቤት ናት። «ላብራቶሪው ዕቃ የሚያጥብ ሰው ይፈልጋል» አለችኝ በሩ ላይ። የነበረኝ ምርጫ ይህ ነበር፤ ወይ እንጀራዬን ከእጇ መቀበል፣ ወይ እሱን ለእሷ ትቼ አገሬ መግባት። አንድ ሌሊት አላስፈለገኝም። እሺ አልኩ።

የመጀመሪያ ቀን ጓንት አድርጌ ገንዳው ጋ ስቆም ጠራችኝ። በረዶ ውስጥ ከተቀመጠ ዕቃ አንድ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አወጣች። ውስጡ ጥርት ያለ ውሃ ነው። «ጓንትሽን አውልቂና ጨብጪው» አለችኝ። ጨበጥኩት፤ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። መዳፌን ስገልጥ፣ ከዳር በኩል እንደ ጉም ነገር ጀመረና ሁሉም ነጣ።

«እንቁላል ይመስላል» አልኩ።

«አይደለም። እንቁላል አንዴ ከበሰለ አይመለስም። ይሄ ይመለሳል።» ከእጄ ወስዳ በረዶው ውስጥ ከተተችው። ዳግም ውሃ ሆነ።

ያን ጊዜ ዞር አለች። ውሃውን ከፍታ ምንም ያልቆሸሸ ብርጭቆ ስታጥብ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከቀብሩ በፊት ሰኞ ሥራ ገብታለች አሉኝ። ማንም ቤቷ ሄዶ አልተቀመጠላትም፤ ማንም ከል አልብሷት ምግብ አላቀመሳትም። እኔ ግን ከኋላዋ ቆሜ ያሰብኩት ይህን አልነበረም። ማን ፈቀደላት ነው ያልኩት። ሐዘንተኛዋ እኔ ነኝ፤ ይህቺ በምን ሥልጣኗ ነው የምታለቅሰው?

አብረን ሠራን። ሾርባ ታመጣልኛለች፤ አመሰግናለሁ እላታለሁ። ስለ እሱ የማላውቀውን ስትነግረኝ እየተቃጠልኩ እሰማለሁ፤ ሳትነግረኝ ስትቀር ደግሞ ደበቀችኝ ብዬ እቃጠላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሙት ዓመቱ ደረሰ። እኔ መሄድ አልቻልኩም፤ ማመልከቻዬ ገና ስላልተመለሰ ከአገር ከወጣሁ መዝገቡ ይዘጋል።

ሊስቤት ይህን ስትሰማ «አንቺ ካልሄድሽ እኔ ልሂድ?» አለች።

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም አልጠራኝም። መቃብሩን ማየት እፈልጋለሁ።»

ፓስፖርት አላት፤ ዕረፍት አላት። የሚከለክላት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለመከልከልም ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ አቶ ሰይድ ሱቅ ብላ እንድትጠይቅ ነገርኳት። «ምን ላምጣልሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

የሙት ዓመቱ ዕለት ካርድ ገዝቼ ከመንገድ ስልክ ደወልኩ። አቶ ሰይድ አነሱት። ለዝክሩ ብለው ከሱቃቸው ገመድ ስበው ስልኩን ድንኳኑ ድረስ አምጥተውታል።

«ፈረንጅሽ ደርሳለች» አሉኝ። «ሥጋ አልበላም ብላ ሴቶቹን ጉድ አደረገቻቸው። በፍስክ የምትጾም መስላቸው ‹ምን ያለች ጨዋ ናት› እያሉ ነው። ኧረ እሷ ሥጋ ከነጭራሹ አትበላም ብላቸው ማን ይስማኝ? በይ እሙዬን ላገናኝሽ።»

አማቴ መጡ። ድምፃቸው አርጅቷል። ተላቀስን። ከዚያ ልጠይቅ የፈራሁትን ጠየቅሁ።

«እማማ፣ የት አስቀመጣችኋት?»

«ከጎኔ ነዋ። አገር አቋርጦ የመጣ ሰው በር ላይ ይቀመጣል?»

«ምን ለብሳለች?»

«ብርድ ሲመታት አየሁና ያንቺን ጥቁር ነጠላ ከሳጥን አውጥቼ ደረብኩላት። ምነው?»

«ምንም። ጥሩ አደረጉ።»

«ድምፅ የላትም ልጄ፣ እንባዋ ግን አይቆምም።» አሉኝ። «ስንዱ፣ ልጄን ታውቀው ነበር?»

«አብረው ይሠሩ ነበር እማማ።»

«እሱንማ ነገሩኝ። ታውቀው ነበር ወይ ነው የምልሽ።»

የስልኩ መስታወት ላይ ዝናቡ ይወርዳል። አይ ብል እማማ ዘነበች ያምኑኝ ነበር፤ ከጎናቸውም ያስነሷት ነበር።

«ታውቀው ነበር» አልኩ።

«ይኸው እሷን» አሉኝ።

ትንፋሽ ሰማሁ። ከኋላዋ ሴቶች በሹክሹክታ አንድ ነገር ያስጠኗታል። ከዚያ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ «ስንዱ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ።

«አሜን» አልኳት።

የሚቀጥለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንግዳ ለቀስተኛ ከሆነች አሜን ይበቃታል። ሬሳው የእሷም ከሆነ ግን «አንቺንም ያጽናሽ» ትባላለች። ሴቶቹ ይህንንም ነግረዋት እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ስልኩን አልመለሰችም፤ ጠበቀችኝ። እኔም ቃሉን አፌ ላይ ይዤ፣ ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ ነበር።